ደብዳቤው ሜልበርን ይላል፤ ቪዛው ግን ሜልበርንን አያውቃትም

ጥያቄ፦ “ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከቡሬ ነው። ዕድሜዬ 31 ነው፤ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ በአውቶሞቲቭ ደረጃ 3 ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። በሰው በሰው ያገኘሁት አንድ ወኪል የአውስትራሊያን የገጠር ስፖንሰር ቪዛ፣ 494 የሚሉትን፣ አስጨርስልሃለሁ ብሎኛል። የሥራ ደብዳቤም ልኮልኛል፤ ቦታው ሜልበርን ነው። 900 ሺህ ብር ይጠይቃል፤ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ቪዛው ሲመታ። እንግሊዝኛም የሙያ ፈተናም አያስፈልግም ይላል። ሲኦሲም፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫው፣ ስለሌለኝ እሱ ያወጣልኛል። አባቴ ባሕር ዛፉን ሊሸጥ ገዥ አነጋግሯል። ባለቤቴ በዲግሪ የተመረቀች ነርስ ናት፤ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሜልበርን አጎት አለኝ። እሱ ስፖንሰር ቢያደርገኝ ይሻላል ወይስ በዚህ ልግባ?”

ምላሽ፦ ባሕር ዛፉ ይቆይ። አባትህ ለገዥው ዛሬውኑ ይንገሩት። ለወኪሉም አንድ ብር እንዳትሰጥ። ይህን የምልህ አውስትራሊያ የመካኒክ እጥረት ስለሌለባት አይደለም፤ አለባት። 494 የሚባል ቪዛም በእርግጥ አለ። ዕድሜህም ሙያህም ለእሱ የሚሆኑ ናቸው። ችግሩ ያለው ሰውየው በሚወስድህ መንገድ ላይ ነው።

ከደብዳቤው እንጀምር። 494 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 የተጀመረ፣ አሠሪዎች ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ያለባቸውን የባለሙያ እጥረት ከውጭ በሚመጣ ሰው እንዲሞሉ የወጣ ቪዛ ነው። ለዚህ ቪዛ ሦስት ከተሞች ብቻ ዝግ ናቸው፤ ሲድኒ፣ ሜልበርንና ብሪስበን። ከእነሱ በስተቀር የቀረው አገር በሙሉ ይገባል። ስለዚህ “የገጠር ቪዛ” የሚለው ስም ራሱ ሰው ያሳስታል። ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላቸው ፐርዝና አደሌድ በዚህ ቪዛ ይሠራባቸዋል። ከሜልበርን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ጂሎንግም ትገባለች። ሜልበርን ግን አትገባም። በ494 ሜልበርን አስገባሃለሁ የሚል ሰው ወይ ቪዛውን አያውቀውም፣ ወይ አንተ አታውቀውም ብሎ ገምቷል። እኔ የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው።

ቀጥሎ “ስፖንሰር” የምትለዋን ቃል እናጥራት። እኛ ዘንድ ስፖንሰር ማለት ውጭ ያለ ዘመድ ነው፤ ብር የሚልክ፣ ወረቀት የሚፈርም። እዚህ ላይ ግን ስፖንሰር ማለት አሠሪ ነው። በሕግ ተቋቁሞ የሚሠራ፣ መንግሥት “ከውጭ ሰው መቅጠር ትችላለህ” ብሎ ያጸደቀለት ድርጅት። አጎትህ የቱንም ያህል ቢወዱህ በ494 ስፖንሰር ሊሆኑህ አይችሉም። የራሳቸው ጋራዥ ቢኖራቸው እንኳ ጋራዡ ሜልበርን ከሆነ ዋጋ የለውም። 491 የሚባል፣ ዘመድ ስፖንሰር የሚሆንበት ሌላ ቪዛ አለ፤ እዚያ አጎትም ይቆጠራል። ግን አጎትየው ራሳቸው ከሦስቱ ከተሞች ውጭ መኖር አለባቸው፤ አንተም ቢያንስ 65 ነጥብ ሞልተህ ግብዣ መጠበቅ አለብህ። አጎትህ ነገ ጂሎንግ ቤት ከቀየሩ እንደገና ጻፍልኝ። ለአሁኑ የሳቸው ጥቅም ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ድርጅቱ ስፖንሰር ለመሆን ይጸድቃል። ቀጥሎ የሥራ መደቡን ያቀርባል። አንተ የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቪዛውን የምታመለክተው ሁለቱ ሲያልቁ ወይም ቢያንስ መደቡ ቀርቦ ሳለ ነው። በመሐል አሠሪው ብዙ ጣጣ አለበት። ሥራውን አገር ውስጥ ቢያንስ ለ28 ቀን ማስታወቂያ አውጥቶ ሰው እንዳጣ ያሳያል። ሥራው የሙሉ ጊዜ መሆኑንና ለአምስት ዓመት እንደሚኖር ያስረዳል። የአካባቢው አረጋጋጭ አካል ደመወዙና ሥራው እውነተኛ ስለመሆናቸው አስተያየት ይሰጣል። ደመወዙ ለሙያው በዚያ አካባቢ ከሚከፈለው ማነስ የለበትም፤ ከመነሻው ወለልም በታች መውረድ አይችልም። ወለሉ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በዓመት 76,515 የአውስትራሊያ ዶላር ነው፤ በየዓመቱ በዚያው ቀን ይስተካከላል። ደብዳቤህ ላይ ያለውን የወር ደመወዝ በ12 አባዛና ከዚህ ጋር አስተያየው። ከዚህ ካነሰ ደብዳቤው ያለ ሌላ ምርመራ ወደቀ።

ካንተ የሚጠየቀው ደግሞ ይህ ነው። ዕድሜ ከ45 በታች። ሙያው ዝርዝሩ ውስጥ ያለ፤ የናፍጣ ሞተር መካኒክ አለ። በሙያው ቢያንስ ሦስት ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ። የሙያ ግምገማ ማለፍ። የጤናና የፖሊስ ማስረጃ። እንግሊዝኛ፣ አይኤልትስ በሚባለው የቋንቋ ፈተና ከሆነ በአራቱም ክፍል፣ በማንበብ፣ በመጻፍ፣ በማዳመጥና በመናገር፣ እያንዳንዳቸው 6። አማካዩ 6 ሆኖ መጻፉ 5.5 ከሆነ አላለፍክም። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ተምሬአለሁ ማለትም ከፈተናው አያድንም። “እንግሊዝኛም የሙያ ፈተናም አያስፈልግም” ያለህ ሰው እንግዲህ የቪዛውን ሁለት ዋና ምሰሶ ነው የነቀለው።

አሁን ብሩ። በአውስትራሊያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ ስፖንሰርነትን መሸጥም መግዛትም ክልክል ነው። ተቀባዩ ብቻ ሳይሆን ከፋዩም ይጠየቃል፤ ቪዛ ወጥቶም ከሆነ ሊሰረዝ ይችላል። ብዙ ሰው ይህችን አያውቅም። “ከፍዬ ነው የመጣሁት” ብሎ ሲከስ ራሱንም አብሮ እንደሚያጋልጥ የሚገባው ዘግይቶ ነው። አሠሪው ለመንግሥት የሚከፍለው የሥልጠና ፈንድ ክፍያ አለ፤ ዓመታዊ ገቢው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሆነ ድርጅት 3,000፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 5,000 ዶላር ነው። ይህን ከሠራተኛው መልሶ መቁረጥ አይችልም። ለስፖንሰርነቱና ለመደቡ የቀጠረውን ወኪል ክፍያም እንደዚሁ።

እንዲህ ስል ግን “ሁሉም በነፃ ነው” አላልኩም። የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ የሙያ ግምገማው፣ የሕክምና ምርመራውና የቪዛ ማመልከቻው ክፍያ አሠሪው ደግ ካልሆነ በቀር ያንተ ነው። የቪዛው ብቻ ከ4,500 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነው፤ ባለቤትህን ስትጨምር ሌላ ይመጣል። ልዩነቱ እነዚህ ክፍያዎች ለታወቀ ተቋም፣ በደረሰኝ፣ እያንዳንዳቸው በየጊዜያቸው የሚከፈሉ መሆናቸው ነው። ግማሹ አሁን ግማሹ ቪዛ ሲመታ ተብሎ በአንድ ሰው የግል ሒሳብ የሚገባ ገንዘብ የለም። በአገራችንም ሕግ ሰው ወደ ውጭ ለሥራ የሚልክ ኤጀንሲ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የአገልግሎት ክፍያውንም ከአሠሪው እንጂ ከሠራተኛው አይቀበልም። ወኪልህን ፈቃድህን አሳየኝ በለው። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ስልኩ አይነሳም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ወኪሉ ነው። እሱን ትተን፣ እውነተኛ አሠሪ ነገ ጠዋት ቢያገኝህስ? እዚህ ላይ ነው ያንተ ትክክለኛ ችግር ያለው። ሰባት ዓመት ሠርተሃል፤ አምንሃለሁ። ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬኑ የተቃጠለ ተሳቢ ቡሬ ሲደርስ ማን እጅ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። ካምቢዮ አውርደህ፣ ፍሪሲዮን ቀይረህ፣ ባሌስትራ በመዶሻ አስተካክለህ፣ ሰው ሌሊቱን መንገድ እንዲገባ አድርገሃል። ይህ ሁሉ ግን በወረቀት የለም። ጋራዥ በእጅ ነው የሚከፈለው። ፔይሮል፣ ማለትም የደመወዝ መዝገብ፣ የለም፣ የደመወዝ ግብር አልተቆረጠም፣ የጡረታ መዋጮ አልገባም። ባለጋራዡ ደግ ሰው ከሆነ “ሰባት ዓመት ሠርቷል፣ ጠባዩም መልካም ነው” የሚል ባለሦስት መስመር ደብዳቤ ማኅተም መትቶ ይሰጥሃል። ያ ደብዳቤ ለገምጋሚው ምንም አይናገርም።

የቴክኒክ ሙያዎችን የሚገመግመው በእንግሊዝኛ አጠራሩ ትሬድስ ሪኮግኒሽን አውስትራሊያ የሚባለው ተቋም ነው። በሰነድ ይመዝናል፤ እንደ ሙያውና እንደ አመልካቹ አገር ቃለ መጠይቅ ወይም የተግባር ፈተና ይጨመራል። ማየት የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየቀኑ ምን ትሠራ ነበር? የምን ዓይነት መኪና፣ የምን ሞተር፣ በምን መሣሪያ፣ ከማን ሥር? ሁለተኛ፣ ለዚያ ሥራ ገንዘብ ይከፈልህ ነበር? ለሁለተኛው የባንክ እንቅስቃሴ፣ የደመወዝ ሰነድ፣ የግብርና የጡረታ ወረቀት ነው መልሱ። በአዋጅ 1268/2014 መሠረት የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይከፍላሉ። ሰዉ ይህን መዋጮ እንደ ቅጣት ያየዋል። ለአንተ ግን የሥራ ዘመንህ መዝገብ ነው። የሦስት ዓመት የጡረታ መዋጮ ሰነድ ከአሥር ማኅተም ይበልጣል።

አንድ የማይታሰብ ወጥመድ ልጨምር፤ ስንት የደከመ ሰው እንደጣለ ስለማውቅ ነው። የዘመን አቆጣጠር። የሥራ ልምድህ “ከ2010 እስከ 2017” ይላል እንበል። አውስትራሊያ ያለው ገምጋሚ ይህን በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል። አንተ ከሁለት ሺህ አሥር የእኛ፣ እሱ ከሁለት ሺህ አሥር የፈረንጅ። የምረቃ ወረቀትህ ደግሞ በፈረንጅ ተጽፎ ከሆነ ሳትመረቅ በፊት በተመራቂነት ሠርተሃል ይሆናል። ውሸታም ትመስላለህ፤ ጥፋትህ ግን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ የሆነ የአቆጣጠር ልዩነት ብቻ ነው። ሁሉም ወረቀት ላይ አቆጣጠሩ ይጻፍ፤ ትርጉሙም በሁለቱም ይሁን። ስምህም እንዲሁ ነው። ፓስፖርት ላይ ያለው አጻጻፍ፣ በፊደል በፊደሉ፣ ዲፕሎማውም ደብዳቤውም ላይ አንድ መሆን አለበት።

ሲኦሲውን “እሱ ያወጣልኛል” ያልከውን ሳነብ ደነገጥኩ። ፎርጅድ ሰነድ ማመልከቻው ውስጥ ከተገኘ ውጤቱ ውድቅ መሆን ብቻ አይደለም፤ ለሦስት ዓመት ሌላ ቪዛ እንዳታገኝ ሊያግድህ ይችላል። ያውም አንተ ፈተናውን ተቀምጠህ ልታልፈው የምትችለው ሰው ነህ። የማይቸግር ነገር በገንዘብ መግዛት ምን ይባላል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ገደቡንም ልንገርህ፤ ተስፋ ብቻ ሽጬልህ መሄድ አልፈልግም። መካኒክ የሚፈለግባቸው ቦታዎች የማዕድን ማውጫዎች፣ የእህል እርሻዎችና የረጅም ርቀት ጭነት ያለባቸው ናቸው። ከፐርዝ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ካልጉርሊ፣ የፒልባራ የብረት ማዕድን አካባቢ፣ ከሲድኒ ወደ ውስጥ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለችው ደቦ። እነዚህ አሠሪዎች መጀመሪያ የሚቀጥሩት እዚያው አገር ያለውን ነው፤ ለትምህርት የመጣውን፣ በዕረፍት ቪዛ የገባውን። ከውጭ ሲሉም ከዚህ በፊት ሰው ያመጡበትን አገር ይመርጣሉ። ቡሬ ያለን ሰው በስልክ አናግሮ የሚቀጥር አለ፤ ግን ጥቂት ነው። እነዚያ ጥቂቶች ደግሞ የሚያዩት ካተርፒላር ወይም ኮማትሱ የሚባሉትን ከባድ ማሽኖች ነክተህ ታውቃለህ ወይ የሚለውን ነው። ሲኖትራክ ብቻ የሠራ ሰው ሞተሩን አይጠፋውም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ደካማ ይመስላል። ይህ ፍትሐዊ ነው አላልኩም።

ሥራው ከተገኘ በኋላም ሰንሰለት አለው። ቪዛው ለአምስት ዓመት ነው። መኖርም መሥራትም በተፈቀደው አካባቢ ብቻ፣ ለስፖንሰርህ፣ በተመዘገብክበት ሙያ ነው። ቀድሞ ከአሠሪህ ብትለያይ 90 ቀን ብቻ ነበር የሚሰጥህ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ወዲህ በአንድ ጊዜ እስከ 180 ቀን፣ በድምሩ እስከ 365 ቀን ሌላ ስፖንሰር መፈለጊያ ጊዜ አለህ። ይህ መልካም ለውጥ ነው፤ አሠሪ ሲበድል “ወጥቼ የት እገባለሁ” የሚለውን ፍርሃት ቀንሷል። ሦስት ዓመት ሠርተህ፣ የሦስት ዓመት የግብር ማስረጃህን ይዘህ፣ 191 በሚባለው ቪዛ ቋሚ ነዋሪነት ትጠይቃለህ። በመሐሉ ባለቤትህም ልጆችህም አብረውህ መኖር፣ መማር፣ መሥራት ይችላሉ፤ የመንግሥቱን የጤና መድን ሜዲኬርንም ታገኛላችሁ።

ለመሆኑ ሜልበርን የግድ ነው? በአሠሪ ስፖንሰርነት ሜልበርንም የሚያስገባ ቪዛ አለ፤ 482 ነው፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ በአዲስ መልክ የሚሠራበት። የአንድ ዓመት ልምድ ይበቃዋል፤ እንግሊዝኛውም ይቀላል፤ በአራቱም ክፍል 5 ነው። እውነተኛ አሠሪ ካገኘህ የትኛው ይሻላል የሚለውን ያኔ እናየዋለን። ግን ለዚህም ስፖንሰርነት አይሸጥም፤ ሕጉ አንድ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትህ። በአንድ መስመር አልፈሃታል። እኔ ደብዳቤህን ሳነብ ግን ዓይኔ ያረፈው እሷ ላይ ነው። የዲግሪ ነርስ የመንግሥት ፔይሮል ላይ ናት። ግብሯ ተቆርጧል፣ ጡረታዋ ገብቷል፣ የሥራ ልምዷ በመዝገብ አለ። አንተ የጎደለህ ሁሉ እሷ ጋ አለ። ከከተማ ውጭ ያሉ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መንከባከቢያዎች ነርስ ይፈልጋሉ። መንገዷ ግን ዳገት ነው። በነርስነት ለመመዝገብ ሁለት ፈተና አለባት፤ አንዱ በኮምፒውተር የሚሰጠው ኤንክሌክስ፣ ሌላው አውስትራሊያ ድረስ ተሂዶ የሚወሰድ የተግባር ፈተና። እንግሊዝኛዋም ካንተ ከፍ ይላል፤ በአይኤልትስ 7፣ መጻፉ በቅርቡ ወደ 6.5 ወርዷል። ገንዘቡም ጊዜውም ከአንተ ይበልጣል። ከተሳካ ግን አንተ የእሷ ተከታይ ሆነህ ትገባለህ፤ በገባህበት አካባቢም የፈለግከውን ሥራ መሥራት ትችላለህ። ማን ዋና አመልካች ይሁን የሚለውን ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ወንዱ ይቅደም የሚለው ልማድ ለቪዛ መኮንኑ ምኑም አይደለም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ከጋራዡ ውጣና ፔይሮል ያለው ቦታ ግባ፤ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ፣ የግንባታ ማሽነሪ አከራይ፣ ማሽን ያለው ፋብሪካ። ደመወዙ ከጋራዡ ቢያንስም ግባ። ዶዘርና ኤክስካቫተር እጅህ ይግባ። ከአሮጌው ባለጋራዥ አሁኑኑ፣ ሳትጣሉ፣ የሠራኸውን በዝርዝር የሚያስረዳ ደብዳቤ አጽፍ፤ የተከፈለህ በባንክ ያለፈ ካለ የባንክ ወረቀቱን አውጣ። ደረጃ 4ን ቀጥል፤ ሲኦሲውን ራስህ ተፈተን። እንግሊዝኛውን ሁለታችሁም አብራችሁ ጀምሩ፤ ከፈተናው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ስጡት። የአይኤልትስ ውጤት ለቪዛ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ስለሆነ ግን ተጣድፈህ አትቀመጥ። እንግሊዝኛው ሲደርስ የሙያ ግምገማውን አስገባ። የግምገማ ውጤት የያዘ ሰው ለአሠሪ ሲጽፍ መልስ የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል፤ ቢያንስ “ይህ ሰው የሚያወራውን ያውቃል” ይባላል።

አጎትህ የሚጠቅሙህ እዚህ ላይ ነው። ሲቪህን በዚያ አገር ልማድ ያስተካክሉልህ። የሥራ ማስታወቂያ ሲያዩ ይላኩልህ። ከሁሉም በላይ ግን ወደ ድርጅቶቹ ስልክ ይደውሉልህ።

ወኪሉ እንደገና ሲደውልልህ አትጣላው። ሁለት ቁጥር ብቻ ጠይቀው። አንዱ የአሠሪው ድርጅት ባለ11 አሃዝ የንግድ ቁጥር ነው፤ ኤቢኤን ይሉታል፤ ማንም ሰው በነፃ ከመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ሊያየው ይችላል። ሁለተኛው አውስትራሊያ ውስጥ የተመዘገበ የኢሚግሬሽን ወኪል ነኝ ካለ ባለ7 አሃዝ የምዝገባ ቁጥሩ ነው፤ እሱም በይፋ መዝገብ ላይ ይገኛል። ቁጥሩ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝም አትቸኩል፤ የእውነተኛ ድርጅት ስም ሰርቆ ደብዳቤ የሚጽፍ ሞልቷል። አጎትህ ወደ ድርጅቱ ይደውሉና “ይህን ደብዳቤ እናንተ ጻፋችሁ?” ብለው ይጠይቁ። የሚደውሉት ግን ድርጅቱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ባወጣው ስልክ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ባለው አይደለም።